የማታ ክፍል ጎልማሶች በ4ኛው ሳምንት ይቀዘቅዛሉ፤ ምን ቢደረግ ይሻላል?

ሌጀር (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በኮሌጅ ደረጃ ሙያ ለሚያስተምሩ ሁሉ ነው። ትምህርቱ መሠረታዊ አካውንቲንግ ነው። ክፍሉ የማታ ሲሆን በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት፣ ለ14 ሳምንት ይሰጣል። የተመዘገቡት 28 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 50 ይደርሳል። ገሚሱ ቀን ሙሉ ሠርቶ የሚመጣ ነው፣ ጥቂቱን አሠሪው ልኮታል፣ ቀሪው ሥራ መቀየር ያሰበ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ክፍሉ ይሞላል። ዴቢትና ክሬዲት (የሂሳብ መዝገብ ግራና ቀኝ ጎን) አልቆ የወር መጨረሻ ማስተካከያ ምዝገባ (ገቢና ወጪን በየራሱ ወር ማስቀመጥ) ሲጀመር፣ ማለትም በ4ኛው ሳምንት ግድም፣ ወንበሩ ይሳሳል። የሚመጡትም ማስታወሻ ይጽፋሉ እንጂ አይጠይቁም። ስለ ትምህርት ጥቅም መናገርም ሆነ ለተገኘ ሰው 5 ነጥብ መስጠት ለውጥ አላመጣም። እባካችሁ በክፍል ውስጥ የሚሠራ ነገር ንገሩኝ፦ ምን ዓይነት ሥራ፣ ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ሳምንት።

አምፔር

ሰላም መምህር። መድኃኒቱን ከመምረጣችን በፊት ሕመሙን እንለይ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ቪክቶር ቭሩም በ1964 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አስተሳሰብ ለዚህ በጣም ይረዳል። ሰው ለአንድ ሥራ የሚያወጣው ጉልበት የ3 ጥያቄዎች ብዜት ነው ይላል፦ ብለፋ ይሳካልኛል? ቢሳካልኝ የምጠብቀው ነገር ይመጣል? የሚመጣውስ ነገር ለእኔ ዋጋ አለው? ልብ መባል ያለበት «ብዜት» የሚለው ቃል ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌሎቹ የቱንም ያህል ቢያድጉ መልሱ ዜሮ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሠርቶ በማታ ክፍል የሚቀመጥ ሰው 3ኛውን ጥያቄ ቤቱ ጨርሶ ነው የመጣው። ስለ ትምህርት ጥቅም የሚደረግ ንግግር የሚነካው ይህንኑ 3ኛውን ብቻ ስለሆነ የሚጨምርለት ነገር የለም። በ4ኛው ሳምንት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ 1ኛው ነው፤ «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» የሚለው ሐሳብ ያኔ ይገባል። አሠሪ የላከው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ሊችለው ይችላል፣ ግን የራሱ ጉዳይ አላደረገውም። ሁለቱን በአንድ ዘዴ ለመያዝ መሞከር ሁለቱንም ያሳጣል።

ለመለየት በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ ስም የሚጻፍበት አጭር ወረቀት ይስጡ። ሦስቱን ጥያቄዎች ከ0 እስከ 10 ይመልሳሉ። አራተኛ ጥያቄ ይጨመርበት፦ «ከክፍል ውጪ በሳምንት ስንት ሰዓት አለዎት? በየትኛው ቀን?» ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። 1ኛው ላይ ከ5 በታች የጻፈው በደረጃ የተከፋፈለ ልምምድ ያስፈልገዋል፤ 3ኛው ላይ ዝቅ ያለው ደግሞ ከራሱ መሥሪያ ቤት የተወሰደ ሥራ። አራተኛው ላይ «0 ሰዓት» የጻፉት ከበዙ ችግሩ ከተነሳሽነት በፊት የጊዜ ነው። የቤት ሥራው ወደ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት።

ወርክሾፕ 2

አምፔር በትክክል ለይቶታል። እኔ የምጨምረው ስለ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው የሙያ ትምህርት ከመርህ ይጀምርና ከብልሽት ላይ ያበቃል። ለጎልማሳ ግን ብልሽቱ ይቅደም።

ከብየዳ ላንሳ። «የብየዳ ጉድለት ዓይነቶች» ብሎ በሰሌዳ ከመዘርዘር ሁለት ናሙና ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ሁለቱም በቲ ቅርጽ የተበየዱ ናቸው፤ አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት። ላያቸው ተቀራራቢ ይሁን። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በመዶሻ ብንመታ የትኛው ቀድሞ ይሰበራል? ለምን?» እያንዳንዱ ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። ሳይጽፍ ካየ «እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር» ይልና አእምሮው ይተኛል። ከዚያ በጎን በኩል መትቶ መስበር። የተሰበረው ፊት ላይ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። እርጥበት የገባው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ ዘይት ወይም ዝገት ያልተጠረገበት ብረት፣ ከመጠን በላይ የረዘመ አርክ (በዘንጉና በብረቱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ነበልባል)፤ እነዚህ ምክንያቶች አሁን የሚወሩት መልስ ሆነው ነው። ጥያቄ ሳይኖር የመጣ መልስ አይያዝም።

ጊዜው፦ ግምት 3 ደቂቃ፣ መስበርና ማየት 7፣ ምክንያት ፍለጋ በ3 ሰው ቡድን 10፣ የመምህሩ ማብራሪያ 10። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ጓንት አድርጎ ሥራ ላይ ነው።

ስሕተት የሚገባበት ቦታ አለ። መምህሩ ግምታቸውን ሰምቶ ወዲያው «ትክክል» ወይም «ስሕተት» ካለ ጨዋታው ያልቃል። ፍርዱን የሚሰጠው ብረቱ ይሁን።

ነርሲንግ አስተማሪ

ወንድሜ ወርክሾፕ ያለው ለእጅ ሥራ ይሠራል። ስሌት ሲሆን ግን በብልሽት መጀመር ደካማውን ያስደነግጠዋል። ከትምህርት 15 ዓመት ርቆ የመጣ ሰው ክፍልፋይ ሲያይ ወዲያው ይዘጋል። ለዚህ የሚሠራው የተሠራ ምሳሌን ደረጃ በደረጃ ማጉደል ነው።

የመድኃኒት ልክ ስሌትን እንይ። የታዘዘው 75 ሚሊ ግራም ነው፤ አምፑሉ (የመርፌ መድኃኒቱ ትንሽ ብልቃጥ) በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ይዟል። 75 ÷ 100 × 2 = 1.5 ሚሊ ሊትር። አንደኛው ምሳሌ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ይሰጣል፤ እነሱ የሚያደርጉት በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ይህ ለምን ተደረገ?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ሁለተኛው ላይ የመጨረሻው መስመር ባዶ ነው። ሦስተኛው ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች። አራተኛው ጥያቄው ብቻ ነው። በየምሳሌው መጨረሻ አንድ ቋሚ ማጣሪያ ይግባ፦ «የታዘዘው ከአምፑሉ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መልሴ ከ2 ሚሊ ሊትር ማነስ አለበት።» ይህ ማጣሪያ ከቀመሩ ይልቅ ድፍረት ይሰጣል፤ ተማሪው መምህሩን ሳይጠይቅ ራሱ ስሕተቱን ይይዛልና።

ከዚያ ወደ ግሉኮስ ጠብታ መሄድ ይቻላል፦ 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ መስመር። 1,000 × 20 ÷ 480 = 41.67፣ ማለትም በደቂቃ 42 ጠብታ። እዚህ ላይ በብዛት የሚሳሳቱት 8 ሰዓትን ወደ 480 ደቂቃ ሳይቀይሩ ነው። መልሱ 2,500 ሲመጣ «በደቂቃ 2,500 ጠብታ መቁጠር ትችላላችሁ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ልምድ ላለው ሰው ነው። ለጀማሪ የሚጠቅመው የተሠራ ምሳሌ ለሚያውቀው ሰው ሸክም ይሆንበታል፤ የአእምሮ ጫናን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ጤና ተቋም ውስጥ ዓመታት የሠራ ተማሪ ካለ ያንኑ ምሳሌ አንድ ስሕተት ጨምረው ይስጡትና «የቱ መስመር ላይ ታካሚው ይጎዳል?» ይበሉት።

ሌጀር

በጣም አመሰግናለሁ። እህቴ ነርሲንግ አስተማሪ፣ የማጉደሉ ነገር ለማስተካከያ ምዝገባ ልክ የሚገባ ይመስለኛል። ግን ወርክሾፕ እንዳለው በወረቀት ሥራ ላይ «የሚሰበር ብረት» ከየት ይመጣል? ደግሞ ሌላ ጥያቄ፦ ከ28ቱ 6ቱ በሂሳብ ክፍል የሚሠሩ ናቸው። እነሱ ሲመልሱ ሌላው ዝም ይላል።

የወር መዝጊያ

ሌጀር፣ አካውንቲንግ ውስጥ የሚሰበር ብረት ሞልቷል። ሁለት ልስጥህ።

የመጀመሪያው ለማስተካከያ ምዝገባ መግቢያ ነው። «ድርጅቱ የ12 ወር ኪራይ 24,000 አስቀድሞ ከፈለ። አንድ ወር አለፈ። በዚህ ወር የተገኘው ገቢ 9,000 ነው፣ ሌላ ወጪ የለም። ባለቤቱ አተረፍኩ ወይስ ከሰርኩ ብሎ ይጠይቃል። በ2 ደቂቃ መልሱለት።» ምንም ሳታስተምር ስጥ። ገሚሱ 15,000 ኪሳራ ይላል፣ ገሚሱ 7,000 ትርፍ። ተቃራኒ መልስ የጻፉትን ጥንድ አድርገህ 5 ደቂቃ ይከራከሩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምር፦ «24,000ው ሁሉ በዚህ ወር ከተቆጠረ የቀሩት 11 ወራት ትርፍ እውነት ይሆናል?» ክፍሉ ራሱ 2,000 ላይ ይደርሳል። «የኪራይ ወጪ ዴቢት 2,000፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ክሬዲት 2,000» ያን ጊዜ የራሳቸው መፍትሔ ሆኖ ይጻፋል።

ከዚያ በኋላ ነው የእህታችን ማጉደል የሚመጣው። ለጎደሉት ምሳሌዎች ዓይነቱን ቀይር፣ አለዚያ ቁጥሩን እየቀዱ ያልፋሉ። ያልተከፈለ ደመወዝ፦ የ5 ቀን ሳምንት ደመወዝ 10,000፣ ወሩ በሳምንቱ 3ኛ የሥራ ቀን አለቀ፣ ስለዚህ 6,000። እርጅና፦ 60,000 የወጣበት ማሽን፣ 5 ዓመት ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ በወር 1,000።

ሁለተኛው የማይገጥም ትሪያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳቦች ዴቢትና ክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር) ነው። የዴቢቱ ድምር 84,650፣ የክሬዲቱ 84,920 ይሁን። ልዩነቱ 270፣ ለ9 ሲካፈል 30 ይመጣል። ልዩነት ለ9 በትክክል ከተካፈለ የአኃዝ ቦታ መቀያየር ይጠረጠራል፤ እዚህ 1,740 መሆን የነበረበት ዴቢት 1,470 ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ዓይነት፦ ልዩነቱ 1,200 ከሆነ ግማሹን፣ 600ን፣ ፈልጉ። በተሳሳተ ጎን የተመዘገበ 600 ካለ የሚፈጥረው ልዩነት የራሱ እጥፍ ነው። ይህን ዘዴ ያወቀ ሰው በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ይጠቀምበታል፤ ያ ደግሞ ከማንኛውም ነጥብ ይበልጣል።

ለ6ቱ ልምድ ላላቸው፦ የሚገጥም ግን የተሳሳተ ትሪያል ባላንስ ስጣቸው። የመብራት ወጪ 900 ኪራይ ውስጥ ተመዝግቧል፣ አንድ ደረሰኝ ከነጭራሹ አልገባም። ድምሩ እኩል ስለሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግራቸውም። ከሰነዶቹ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

አምፔር

የ6ቱን ጉዳይ ላጠናክር። ልምድ ያለው ጎልማሳ ሁለት ዓይነት ነው፤ በትክክል የለመደና በስሕተት የለመደ። በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል። መስመር ከመንካት በፊት ኃይል መጥፋቱን ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ መፈተሽ፣ ከዚያ የሚሠራበትን መስመር መለካት፣ ከዚያ እንደገና ኃይል ባለው ቦታ መፈተሽ ያስፈልጋል። ብዙ ዓመት የሠራ ሰው 3ኛውን ይዘላል፤ መሣሪያው በመሃል ቢበላሽ ዜሮ ንባቡ ውሸት መሆኑን አያስብም። በሰው ፊት «ይህ ስሕተት ነው» ቢባል ይቆጣል፣ ቀሪውን ወር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይልቅ የኬብል ጫፉ የላላ መልቲሜትር፣ ለማስተማሪያ በተዘጋጀና ከዋናው ኃይል በተለየ ዝቅተኛ ቮልት ሰሌዳ ላይ ይሰጠዋል። ራሱ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ግን ልለምን። ልምድ ያላቸውን ያለ ፈቃዳቸው ረዳት መምህር አታድርጓቸው። ጊዜያቸውን ሰውተው የመጡት ለመማር ነው። በ1ኛው ሳምንት የሞጁሉን የመጨረሻ የተግባር ፈተና አቅርቡላቸው፤ ያለፈው ያን ክፍል ይለፍና ከበድ ያለ ሥራ ይውሰድ።

ዝም ለሚለው ደግሞ፦ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ 1 ደቂቃ ሁሉም ይጻፍ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ለጎረቤት ያሳይ፣ ከዚያ ነው ወደ ክፍሉ የሚወጣው። እጅ ቀድሞ ያወጣ አይመልስ።

ሰዓት አክባሪ

ሁሉም መልካም ነው፤ እኔ ግን ወደ ሌላው ጎን ልሂድ። ጎልማሳን እንደ ልጅ ማባበል ይበዛል። የሥራ ዓለም የማስረከቢያ ቀን አያራዝምም። ዘግይቶ የመጣ አሳይመንት አይታረም ማለት ራሱ የሙያ ትምህርት ነው።

ነርሲንግ አስተማሪ

ሰዓት አክባሪ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ግማሹም እውነት ነው። ነገር ግን በሥራ ላይ የሚያስቀጣው ብዙ ጊዜ መዘግየቱ ሳይሆን ሳይናገሩ መዘግየት ነው። ፈረቃው የተቀየረበት ባለሙያ አስቀድሞ ያሳውቃል፣ አዲስ ሰዓት ይሰጣል፣ በሰጠው ሰዓት ያደርሳል። ይህን ማስተማር ይቻላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ በተርሙ 2 የማራዘሚያ ዕድል፣ እያንዳንዱ 48 ሰዓት ይስጡ። ምክንያት አይጠየቅም። ግን መጠየቅ ያለበት ከማስረከቢያው ሰዓት በፊት ነው፣ ቢያንስ በ2 ሰዓት። ካለፈ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ አይቆጠርም።

ምክንያት አለመጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። የታመመ ልጅን፣ የተቋረጠ ገቢን፣ የቤት ችግርን በመምህር ፊት ማስረዳት የሚያሳፍረው ሰው አለ። ያ ሰው ይቅርታ ከመጠየቅ ትምህርቱን መተው ይቀለዋል።

ዕድሉ የማይሠራባቸው ሁለት ቦታዎች አስቀድመው ይጻፉ፦ መልሱ በክፍል የተሰጠበት ሥራና የደኅንነት የተግባር ፈተና።

ሰዓት አክባሪ

«አስቀድሞ ማሳወቅ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ካለ እቀበላለሁ። የምፈራው ያለ ገደብ መራዘሙን ነው፤ በ13ኛው ሳምንት 9 ሥራ ይዞ የሚመጣ ሰው ለራሱም ለመምህሩም አይበጅም። ዕድሉ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

ነርሲንግ አስተማሪ

ሲያልቅ ሥራው ይታረማል፣ ግን የሚያገኘው ከፍተኛ ውጤት ማለፊያው ነው። ዜሮ አይሁን። ዜሮ ከተጻፈ በኋላ ስሌቱን የሚያውቅ ጎልማሳ ማለፍ እንደማይችል ያሰላና አይመለስም።

የወር መዝጊያ

ስለ መቅረት ልጨምር። ሰው ትምህርት የሚተወው በአንድ ቀን ውሳኔ አይደለም። አንድ ቀን ይቀራል፣ በሚቀጥለው ያልገባው ነገር ይበዛል፣ ያፍራል፣ ሦስተኛውን ይቀራል። የሚቆረጠው እንግዲህ በ1ኛውና በ2ኛው መቅረት መካከል ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ አጭር መልእክት ይላክ፦

«ትናንት አልተገናኘንም። የሠራነው የደመወዝ ማስተካከያ ነው። የተያያዘው ወረቀት 30 ደቂቃ ይወስዳል። 1ኛውንና 3ኛውን ጥያቄ ብቻ ሠርተው ቢመጡ ከክፍሉ ጋር እኩል ይሆናሉ።»

«ለምን ቀሩ?» የሚል የለበትም። 30 ደቂቃ የሚለው ቁጥር ደግሞ እውነት ይሁን፤ አንድ ጊዜ 30 ተብሎ 90 ከወሰደ ሁለተኛ አያምንም። ለየክፍለ ጊዜው አንድ ገጽ የቀረ ሰው ወረቀት አስቀድሞ ቢዘጋጅ ሥራው ያን ያህል አይከብድም። አንድ የተሠራ ምሳሌ፣ አንድ የጎደለ፣ አንድ ሙሉ ጥያቄ ይበቃል።

በየሳምንቱ መቆጠር ያለበትም የተገኘው ብቻ አይደለም፣ ሥራ ያስረከበውም ነው። በ3ኛው ሳምንት መጥቶ ምንም ያላስረከበ ሰው፣ ቀርቶ ካስረከበው ይልቅ አሳሳቢ ነው።

ዴስክቶፕ

ለመገኘት ስለሚሰጠው 5 ነጥብ የተናገረ የለም። ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ነገር አለ። ሰው ወዶ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ቃል በተገባ ሽልማት ካሰሩት፣ ሽልማቱ ሲቀር የቀድሞ ፍላጎቱ ይቀንሳል። የ1973ቱ በሕፃናት ላይ የተደረገ ስለሆነ ወደ ማታ ክፍል በቀጥታ አይገለበጥም፣ ግን አቅጣጫው ይጠቅማል። ነጥብ የመጣውን ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጣል፣ እንዲያስብ አያደርገውም።

ይልቅ 5ቱን ነጥብ ወደ ሥራ ያዙሩት። ክፍሉ ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች 3 ጥያቄ ያለ ማስታወሻ ይመለስ፦ አንድ ካለፈው ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ካለፈው ሳምንት፣ አንድ ከወር በፊት። ነጥቡ ለመሞከሩ ይሰጥ። መልሱን ከማስታወስ አውጥቶ መጻፍ ደግሞ ከማንበብ ይበልጥ ያስቀራል፤ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው። በሰዓቱ የመጣ ይሠራዋል፣ የዘገየ ያመልጠዋል፣ ቁጣም አያስፈልግም። ልዩ ጥንቃቄ፦ የሥራ መውጫ ሰዓታቸው የሚያዘገያቸው ካሉ ሦስቱን ጥያቄዎች ከእረፍት በኋላ ያድርጉት፣ አለበለዚያ የምትቀጡት አሠሪያቸውን ሳይሆን እነሱን ነው።

ስለ ጥቅምም አንድ ነገር። ሃልማንና ሃራኪዊትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎቹ የተማሩት ነገር ከሕይወታቸው ጋር ያለውን ግንኙነት ራሳቸው እንዲጽፉ ተደረገ። ይሳካልኛል ብለው የማይጠብቁት ተማሪዎች ፍላጎታቸውም ውጤታቸውም ከፍ አለ። መምህሩ ጥቅሙን ቢናገር ሳይሆን ተማሪው ቢጽፈው ነው። ከ5 እስከ 7 ዓረፍተ ነገር፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፦ «በዚህ ሳምንት ከተማርነው አንዱን ይምረጡ። በሥራዎ ወይም በቤትዎ የት ቦታ፣ በማን እጅ፣ በምን ሰነድ ላይ ይታያል?» አሠሪ የላካቸው ሰዎች ላይ በተለይ ይሞከር። አጠቃላይ መልስ («ለሥራዬ ይጠቅመኛል») ከመጣ በአንድ መስመር ይመለስ፦ «የትኛው ሰነድ?»

ወርክሾፕ 2

እርማት ላይም ትልቅ ነገር አለ። ክሉገርና ዴኒሲ በ1996 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከግብረ መልስ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ውጤትን ዝቅ አድርጎ አገኙት። ትኩረቱን ከሥራው አንስቶ ወደ ሰውየው ማንነት የሚወስድ ግብረ መልስ ነው በተለይ የሚጎዳው። «ጎበዝ»ም ከዚሁ ይመደባል፤ ለ45 ዓመት ሰው በቀላል ሥራ ጎበዝ ማለት «ከአንተ ይህን አልጠበቅሁም» ሆኖ ይሰማል።

የሚሠራ እርማት ልኬት አለው። «የብየዳው አንዱ እግር (በአንዱ ብረት ላይ ያረፈው ስፋት) 4 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 7 ነው። ኤሌክትሮዱን ወደ አንዱ ብረት አጋድለኸዋል። በሁለቱ መካከል 45 ዲግሪ ያዝና በዚያው ብረት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ድገም።» የሆነው፣ ምክንያቱ፣ የሚቀጥለው እጅ ሥራ። ሁሉንም ስሕተት አትዘርዝር። አንድ ይታረም፣ ይደገም። ከስሕተቶቹ ደግሞ ሌላውን የሚወልደውን ምረጥ። የብየዳው ኤሌክትሪክ መጠን (አምፔሩ) ከበዛ የብረቱ ጠርዝ ይቦረቦራል፣ ብልጭታው ይበዛል፣ ቅርጹም ይበላሻል፤ ሦስቱን ለየብቻ ማረም ድካም ነው፣ አምፔሩን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ወረቀት ከሆነ በ48 ሰዓት ይመለስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣ እርማት የታሪክ ሰነድ ነው።

ሌጀር

የምትሉትን ሁሉ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን ያወጣሁት ይህ ነው፤ ስሕተት ካያችሁ ንገሩኝ።

1ኛ ሳምንት፦ የትምህርቱን ዝርዝር በማንበብ ፋንታ 12 ደረሰኝና ደብዳቤ በፖስታ፣ «የትኞቹ ይመዘገባሉ? የትኞቹ አይመዘገቡም?»
2ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያው የሚታረም ሥራ፣ ከጠቅላላው 5 በመቶ፣ በ48 ሰዓት የሚመለስ።
3ኛ ሳምንት፦ የአምፔር ወረቀት፣ ዴስክቶፕ ያለው የመጀመሪያው የጥቅም ጽሑፍ።
4ኛ ሳምንት፦ የ24,000ው ኪራይ፣ ከዚያ የሚጎድሉ ምሳሌዎች።
5ኛ ሳምንት፦ አንድ ትሪያል ባላንስ፣ ውስጡ የ270ውም የ600ውም ስሕተት አለበት።

የ3 ሰዓቱ አከፋፈል፦ የማስታወስ ጥያቄ 10 ደቂቃ፣ ችግሩን ማቅረብና ማብራራት 20፣ ልምምድ 45፣ እረፍት 15፣ የጋራ ስሕተት ማረም 15፣ የሥራ ሰነድ ይዞ መሥራት 60፣ መውጫ ወረቀት (ከመውጣታቸው በፊት የሚመልሱት አጭር ጥያቄ) 15።

ነርሲንግ አስተማሪ

1ኛው ሳምንት ላይ ከ12ቱ ሰነዶች አንዱ አከራካሪ ይሁን እንጂ 11ዱ ግልጽ ይሁኑ። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው ሰው ራሱን እንዲያምን ከሚያደርጉት 4 ምንጮች ጠንካራው ራሱ ሠርቶ መሳካቱ ነው። ምክርና ማበረታቻ ከዚያ በታች ናቸው። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ያገኘው መልስ ይዞ ይውጣ።

መውጫ ወረቀቱ 15 ደቂቃ ይበዛበታል። ለመልሱ 5 ይበቃል፦ «ዛሬ ያልገባኝ መስመር የቱ ነው?» ቀሪውን 10 ደቂቃ ለሚቀጥለው ሳምንት ዕቅድ ይጠቀሙበት፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ተቀምጬ፣ የትኛውን ጥያቄ። «ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ከመሄዴ በፊት፣ 2ኛውን ጥያቄ 25 ደቂቃ» ብሎ የጻፈ ሰው «በሳምንቱ አጠናለሁ» ካለው ይልቅ ይሠራዋል።

የወር መዝጊያ

5ኛውን ሳምንት አስተካክል። ሁለቱን ስሕተት በአንድ ትሪያል ባላንስ አታስገባ። 270ውና 1,200ው በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ ልዩነቱ 1,470፣ በተቃራኒ ከሆኑ 930 ይሆናል። ሁለቱም ለ9 አይካፈሉም፣ ግማሻቸውን 735 ወይም 465 ቢፈልጉም ምንም አያገኙም። ዘዴው እንደማይሠራ አድርገው ይወስዱታል፤ ያውም ገና በተማሩበት ምሽት። ሁለት የተለያየ ትሪያል ባላንስ ስጣቸው፣ መጀመሪያ የ270ውን፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የ600ውን። የተደባለቀውን ለ9ኛው ሳምንት አስቀምጠው፣ ያኔ ለ6ቱም ጥሩ ፈተና ይሆናል።

ሌጀር

ልክ ነህ ወንድሜ፤ ሳላሰላው ነው የጻፍኩት። ለያየኋቸው፣ የተደባለቀውንም ወደ 9ኛው ሳምንት አዛውሬዋለሁ። መውጫ ወረቀቱንም 5 ደቂቃ አድርጌ ዕቅዱን ከሥሩ አስገብቻለሁ። ለየክፍለ ጊዜው የቀረ ሰው ወረቀት ዛሬ ከ1ኛው ሳምንት እጀምራለሁ፤ 30 ደቂቃ መሆኑን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ለጀማሪ ሰው ሰጥቼ በሰዓት እለካዋለሁ።